ሶሌታው በባህር ዛፍ፦ በጎንደር ለፎቅ ቤት የሚሆን የእንጨት ወለል

ጎንደር ውስጥ የፎቅ ቤት ሶሌታ ሲሞላ ቆማችሁ ብታዩ፣ እርጥቡን ኮንክሪት ከሥር የተሸከመው ባህር ዛፍ ነው። አጣናው ተጠጋግቶ ይቆማል፣ ሞራሌና ጣውላው ከላዩ ይነጠፋል፣ ከዚያ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ የሚመዝን ባለ 15 ሴ.ሜ. ሶሌታ ለሳምንታት ይጫንበታል። ኮንክሪቱ ሲጠነክር እንጨቱ ይነቀልና ደህናው ወደ ሌላ ሳይት፣ የተሰባበረው ወደ ማገዶ ይሄዳል። ያ እንጨት ሳይነቀል ራሱ ወለል ሆኖ ይቅር ቢባል ምን ይጠይቃል? መልሱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ጥንካሬ አይደለም፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው።

በሌላው ዓለም እንጨት ፎቅ መሸከም ከጀመረ ቆይቷል። ኖርዌይ ውስጥ ብሩሙንዳል ከተማ በ2019 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ሚዮስቶርኔት 18 ፎቅ ሆኖ 85.4 ሜትር ይረዝማል። አሜሪካ ሚልዋኪ ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ያለቀው አሴንት 25 ፎቅ ነው፤ የታችኞቹ ፎቆች ግን ኮንክሪት ናቸው። እነዚህ ሕንፃዎች ከሚቆሙባቸው ነገሮች ዋናው ሲኤልቲ የሚባለው ፓነል ነው፦ ጣውላ በ3፣ በ5 ወይም በ7 ድርብ እየተነባበረ፣ አንዱ ድርብ ሌላውን እያቋረጠ፣ በኮላ ተጣብቆ በማሽን የሚጨመቅ።

ይህን ፓነል ጎንደር ላይ እንሥራ የሚል ሰው ስለ ኮላው በደንብ ያስብ። ጣውላው ከ12 በመቶ እርጥበት ብዙም ሳይርቅ መድረቅ፣ ሊጣበቅ ሰዓታት ሲቀሩት መላግ፣ ከዚያም እንደ ኮላው ዓይነት በካሬ ሜትር እስከ 60 እና 80 ቶን በሚደርስ ኃይል መጨመቅ አለበት። ይህ በሞርሳ የሚሆን ሥራ አይደለም። በዚያ ላይ ባህር ዛፍ ጥቅጥቅ ያለና በውስጡ ኮላን የሚያስቸግር ቅመም ያለው እንጨት ስለሆነ፣ ያለ ላቦራቶሪ ፍተሻ የተጣበቀ ፓነል ከዓመታት በኋላ ድርቡ ሊላቀቅ ይችላል። ጅቡቲ ወርዶ በከባድ መኪና የሚመጣውንም ፓነል ቢሆን፣ ከፒያሳ ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ የሚያነሳው ክሬን የት ይቆማል?

ኮላ የማይፈልግ የቆየ ዘዴ ግን አለ። ጣውላውን በጎኑ አቁሞ፣ አንዱን ከአንዱ ጋር በሚስማር እየሰፉ መሄድ ነው። 15 ሴ.ሜ. ቁመት ያለው ጣውላ ጎን ለጎን ሲሰፋ 15 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው ድፍን የእንጨት ሶሌታ ይሆናል። ማሽኑ መሰንጠቂያ፣ መላጊያና መሰርሰሪያ ብቻ ነው። እያንዳንዱ 4 ሜትር ጣውላ 18 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አንድ ሰው ተሸክሞ በመስኮት ያስገባዋል። እኔ ለጎንደር የምመርጠው ይህንን ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ ወይም ብሎኬት ሆኖ ይቀራል፣ እንጨቱ ወለሉን ብቻ ይይዛል።

እንጨቱ

ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉ ቆይተዋል፤ ስለዚህ የሚቀረው ባህር ዛፍ ነው። ነጩ በደጋው በብዛት ስለሚገኝ ይቀላል። ቀዩ ከባድ ነው፣ ምስጥን ይበልጥ ይቋቋማል፣ ቀጥ ያለ ግንድ ግን እንደልብ አይገኝበትም።

ችግሩ ገበያው ነው። በአካባቢው ገበሬ ባህር ዛፍ የሚሸጠው ለአጣናና ለማገር በሚሆንበት ዕድሜ ነው፤ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሄድ የነበረውም አጣና ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ግን ከመሃሉ ቢያንስ 25 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ግንድ ነው። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል 100 ጣውላ፣ ማለትም 2.4 ሜትር ኩብ የተሰነጠቀ እንጨት ይፈልጋል። መሰንጠቂያ ላይ ከግንዱ 40 በመቶው ቢተርፍ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ 6 ሜትር ኩብ ግንድ ይዛችሁ አስቡ፤ በተባለው ውፍረት 30 ግንድ ያህል ይሆናል።

ባህር ዛፍ ቆሞ ሳለ በውስጡ ውጥረት አለው። ሲቆረጥ ጫፉ በኮከብ ቅርጽ የሚሰነጠቀው፣ መጋዝ ሲገባበትም ጣውላው እንደ ቀስት የሚታጠፈው ለዚህ ነው። ግንዱን በተቆረጠ በሳምንቱ መሰንጠቅ፣ ጫፎቹን ወዲያው ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባት፣ መጋዙንም ከአንድ ጎን ብቻ ሳይሆን አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ እያፈራረቁ ማስገባት ያስፈልጋል። የግንዱ ልብ፣ 5 ሴ.ሜ. በ5 ሴ.ሜ. ያህሉ፣ ለወለል አይሆንም፤ ለማገር ይዋል። መጨረሻ ላይ 4 በ15 እንዲሆን የሚፈለገው ጣውላ እርጥብ ሳለ 4.7 በ17 ሆኖ ይሰንጠቅ፤ ነጭ ባህር ዛፍ ሲደርቅ በአንዱ አቅጣጫ ከ10 በመቶ በላይ ሊኮማተር ይችላል። ውፍረቱን 5 ሴ.ሜ. ለማድረግ የሚጓጓ አለ። አያዋጣም፤ ባህር ዛፍ በወፈረ ቁጥር ውጪው ደርቆ ውስጡ ረጥቦ ይቀርና ሆዱ ይሰነጠቃል።

ነቀዙ የሚጀምረው ከዳር ከሚገኘው ነጣ ያለ እንጨት ነው፤ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ከጣውላው ሥር ካያችሁ ገብቷል። መከላከያው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ነው። ለ100 ሊትር ሙቅ ውሃ 12 ኪሎ ቦራክስና 8 ኪሎ ቦሪክ አሲድ ይሟሟል፣ ከመጋዝ የወጣው እርጥብ ጣውላ ይነከርበታል፣ ከዚያ በመሃሉ መለያያ እንጨት ሳይገባ ተደርድሮ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ጨውየው በእንጨቱ ውሃ ውስጥ እየተጓዘ ወደ ውስጥ ይገባል። የደረቀ ጣውላ ላይ በብሩሽ መቀባት ከላይ ብቻ ስለሚቀር ብዙም አይረባም። ይህ መድኃኒት ዝናብ ሲመታው ታጥቦ ይወጣል፣ ስለዚህ ለውጭ በረንዳ አይሆንም። ጓንት ይደረግ፤ የተረፈው ውሃም ጓሮ አይደፋ፣ አትክልት ይገድላል።

ማድረቅ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የጎንደር አየር በበጋ ደረቅ፣ በክረምት ርጥብ ነው። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት 40 በመቶ ሲሆን እንጨት ወደ 8 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ 80 በመቶ ሲሆን ወደ 16 ይወጣል። ወለሉ ሲሰፋ 12 አካባቢ ላይ ከሆነ በሁለቱም በኩል ትንሽ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በ20 በመቶ እርጥበት ብትሰፉትና ቤት ውስጥ ወደ 12 ቢወርድ፣ እያንዳንዱ ጣውላ 1 ሚ.ሜ. ያህል ይኮማተራል። አንድ ሚሊ ሜትር ምን አላት ይባል ይሆናል፤ በ100 ጣውላ ግን 10 ሴ.ሜ. ነው። በየመሃሉ ብርሃን ይታያል፣ ለድምፅ ሲባል ከላይ የሚነጠፈው አሸዋ ይንጠባጠባል፣ ሚስማሩ ይላላል፣ ድምፅና ጭስ መንገድ ያገኛል።

ስለዚህ ዛፉ በጥቅምት ይቆረጥ፣ ጣውላው መድኃኒት ተነክሮ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ በላስቲክ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደርደር። ከመሬት 40 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ፣ በየ40 ሴ.ሜ. 2 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው መለያያ እየገባበት። መለያያዎቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ካልቆሙ ጣውላው በመሃል ይወለጋገዳል። ከላይ ድንጋይ ይጫን። የበጋው ነፋስ በቀጥታ የሚመታው ከሆነ በጎን በኩል በጆንያ ይሸፈን፤ ቶሎ የደረቀ ባህር ዛፍ ላዩ ይሰነጣጠቃል፣ ውስጡም ይጨመደዳል። 4 ሴ.ሜ. ጣውላ እንዲህ ሆኖ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ታኅሣሥ የተደረደረው ግንቦት ሊደርስ ይችላል፣ ሰኔ ግን ዝናቡ ይገባል። እንጨቱ ከቤቱ መሠረት አንድ ዓመት ቀድሞ ቢገዛ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ገንዘብ ታስሮ መቆየቱ ደስ አይልም፤ ይህ የዘዴው እውነተኛ ወጪ ነው።

መድረቁን በእጅ ዳስሶ «ደርቋል» ማለት አይቻልም። ከክምሩ መሃል አንድ ጣውላ ምዘዙ። ጫፉ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚደርቅ፣ ከጫፉ 50 ሴ.ሜ. ገባ ብላችሁ 2.5 ሴ.ሜ. ስፋት ያላት ቁራጭ ቁረጡ። ወዲያው በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን መዝኑ፤ 126 ግራም መጣ እንበል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ 103 ዲግሪ አካባቢ አስቀምጡና በየጥቂት ሰዓቱ እየመዘናችሁ ክብደቷ መቀነስ እስኪያቆም ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። 105 ግራም ላይ ቆመች እንበል። ልዩነቱ 21 ግራም፣ ለ105 ሲካፈል 20 በመቶ። ገና ነው። መጀመሪያ 118 ግራም ሆና 105 ላይ ከቆመች 12.4 በመቶ ነው፤ ሥራ መጀመር ይቻላል። ሁለት መርፌ ያለው የእጅ መለኪያ ከተጠቀማችሁ ለባህር ዛፍ መስተካከሉን አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ለለስላሳ እንጨት ነው።

ደካማውን ጣውላ መለየት

ከደረቀና ተልጎ 4 በ15 ከሆነ በኋላ እያንዳንዱን ጣውላ መፈተን ይቻላል፣ ዕቃውም ከቤት አይጠፋም። ሁለት ድጋፍ በ3.6 ሜትር ርቀት አቁሙ። ጣውላውን በሰፊው ጎኑ አጋድሙት። ከመሃሉ በላይ ክር ወጥሩና ከክሩ እስከ ጣውላው ያለውን ለኩ። ከዚያ 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን መሃሉ ላይ አንጠልጥሉና እንደገና ለኩ። 25 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ በታች ከጎበጠ ለወለል ይሆናል። ከዚያ በላይ ከወረደ ለኮርኒስ ወይም ለመደርደሪያ ይለይ። ውፍረቱን በትክክል መለካት እንዳትረሱ፦ 4 የተባለው ጣውላ 3.8 ከሆነ፣ እንጨቱ ምንም ደህና ቢሆን 29 ሚ.ሜ. ይጎብጣል፣ ያለ ጥፋቱም ይጣላል። ይህ ግትርነትን እንጂ ጉጥንና ስንጥቅን አያሳይም፤ ከጣውላው ቁመት ሲሶ በላይ የሚሆን ጉጥ ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ መሃል ላይ ካለ፣ ፈተናውን ቢያልፍም አውጡት።

በዚህ ፈተና ያለፈ ጣውላ 15 ሴ.ሜ. ቁመት ይዞ 4 ሜትር ሲሻገር፣ የራሱን ክብደት፣ 100 ኪሎ የወለል ማልበሻና 200 ኪሎ የሰውና የዕቃ ጭነት በካሬ ሜትር ተሸክሞ የሚጎብጠው 5 ሚ.ሜ. ገደማ ነው፤ ከዓመታት በኋላ 8 እና 9 ሊደርስ ይችላል። ቁመቱን ወደ 12 ሴ.ሜ. ብታወርዱት አይሰበርም፣ ግን ሰው ሲራመድ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። 12 ሴ.ሜ. ለ3 ሜትር ክፍል ይሁን።

አሰፋፉ

የታችኛው የድንጋይ ግድግዳ 50፣ የላይኛው ደግሞ በየጎኑ 10 ሴ.ሜ. ጠበብ ብሎ ቢገነባ ለጣውላው መቀመጫ የሚሆን እርከን ይገኛል። ጣውላ በድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ሲታፈን ጫፉ በጥቂት ክረምት ይበሰብሳል፤ ከላይ ደህና የሚመስል ወለል አንድ ቀን ከዳር ይወርዳል። በእርከኑ ላይ የኮንክሪት ማሰሪያ ቢም ይሞላ፣ ከላዩ ሬንጅ የጠገበ ወረቀት ይነጠፍ፣ ጣውላው በዚያ ላይ ይረፍ፣ በጫፉና በግድግዳው መካከል 2 ሴ.ሜ. አየር ይተው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ጣሪያውን ማስቀደም መቻሉ ነው። ቆርቆሮው ተመትቶ፣ አሸንዳው ታስሮ፣ ከዚያ ወለሉ በጥላ ሥር ይሰፋል። ኮንክሪት እንዲህ አይሆንም። ወለል እስኪገባ ድረስ ግን ረጅሙ ግድግዳ የሚደግፈው ስለሌለ በአጣና ከሁለት በኩል ይወጠር።

ሚስማሩ ቁጥር 7 (7 ሴ.ሜ. ርዝመት)፣ ውፍረቱ 3 ሚ.ሜ. ያህል ይሁን። ቁጥር 8 ከተጠቀማችሁ ጫፉ በሁለተኛው ጣውላ ጀርባ ይወጣና ቀጣዩን አላስጠጋ ይላል። ደረቅ ባህር ዛፍ ላይ በቀጥታ ሚስማር መምታት ወይ ሚስማሩን ያጎብጣል ወይ ጣውላውን ይሰነጥቃል፤ በ2.5 ሚ.ሜ. መሰርሰሪያ ይቀደም። በሁለት መስመር፣ ከላይና ከታች ጠርዝ 4 ሴ.ሜ. ገባ ብሎ፣ በየ30 ሴ.ሜ. እየተፈራረቀ ይመታ። ለአንድ ጣውላ 27 ሚስማር ገደማ፣ ለ4 በ4 ክፍል 2,700፣ በክብደት 11 ኪሎ ነው። በዚያው ልክ የሚሞላ የኮንክሪት ሶሌታ 17 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶና ከ150 ኪሎ በላይ ብረት ይወስዳል።

በየ30 ጣውላው፣ ማለትም በየ1.2 ሜትሩ፣ 15 ሚ.ሜ. ክፍተት ይተው፤ ከዳርና ዳር ግድግዳም 2 ሴ.ሜ.። ወለሉ አንድ ክረምት ውሃ ጠጥቶ 4 በመቶ ብቻ እርጥበት ቢጨምር 4 ሜትር ስፋት ላይ 5 ሴ.ሜ. ያህል ይነፋል፤ መንገድ ካጣ ግድግዳውን ይገፋል፣ ድንጋይ ደግሞ ሲገፋ አይታጠፍም። ለክፍተቱ ሲባል ክፍሉ ከ100 ጣውላ በጥቂቱ ያነሰ ሊበቃው ይችላል፤ የተረፈው ለመቀየሪያ ይቀመጥ።

ሚስማር ጣውላውን ያያይዛል እንጂ ወለሉ በጎን ሲገፋ ቅርጹን እንዳይስት አያደርግም። ለመሬት መንቀጥቀጥና ለነፋስ፣ ከላዩ 18 ሚ.ሜ. ኮምፐንሳቶ ወይም በ45 ዲግሪ ያጋደለ 2.5 ሴ.ሜ. ጣውላ ይመታል። ከማሰሪያ ቢሙ ውስጥ በየ1 ሜትሩ ቀድሞ የተቀበረ ጠፍጣፋ ብረት ተጎንብሶ በዚያ ላይ በቪት ይታሰራል። ብዙ አናጢ ይህን ብረት ትርፍ ነገር አድርጎ ያየዋል፣ መሃንዲሱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ውሃ፣ ሙቀጫ፣ እሳት

መታጠቢያ ቤትና የዕቃ ማጠቢያ በዚህ ወለል ላይ አይቀመጡ። በእያንዳንዱ ፎቅ አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው፣ በትንሽ የኮንክሪት ሶሌታ ላይ፣ በአንድ ጥግ ይሰብሰቡ። ትንሽ የቧንቧ ፍሳሽ ኮንክሪት ላይ እድፍ ናት፤ በተሰፋ እንጨት ውስጥ ግን ሳትታይ ሰንብታ ሻጋታ ታመጣለች።

ቀጥሎ የድምፅ ጉዳይ። ላይኛው ፎቅ ቡና ሲወቀጥ ታችኛው ቤት ሙቀጫው ራሳቸው ላይ ያለ ይመስላቸዋል። ቀላል ወለል የምት ድምፅን ያሳልፋል፣ መድኃኒቱም ክብደትና ልስላሴ ነው፦ ከኮምፐንሳቶው ላይ ላስቲክ፣ ከዚያ 5 ሴ.ሜ. በእሳት የደረቀ አሸዋ፣ ከዚያ ምንጣፍ ወይም ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ከግድግዳው ጋር የማይነካካ የወለል ጣውላ። አሸዋው በካሬ ሜትር 80 ኪሎ ይጨምራል፤ ከላይ በ100 ኪሎው ውስጥ ተቆጥሯል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሙቀጫው ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ቢደረግለት ጎረቤት ያመሰግናል።

ስለ እሳት ሰው የሚፈራው ከሚገባው በላይ ነው፣ የሚዘናጋውም በማይገባው ቦታ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጠንካራ እንጨት በደቂቃ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም ሳያልፍ ይከስላል፤ ከሰሉም ለውስጡ መከላከያ ይሆናል። በአንድ ሰዓት ከሥር የሚበላው ከ33 ሚ.ሜ. አይበልጥም፤ በሙቀት የሚዳከመውን 7 ሚ.ሜ. ጨምረን ብናወጣው ከ15 ሴ.ሜ. ውስጥ 11 ይቀራል፣ እሱም ጭነቱን ይይዛል። አደጋው ያለው በክፍተቶቹ ነው። ነበልባልና ጭስ በመሃል ሾልከው ወደ ላይ ይወጣሉ። አሸዋው እዚህም ይጠቅማል፣ የ15 ሚሊ ሜትሩ ክፍተቶችም ከሥር እሳት በማይበላው የድንጋይ ሱፍ ተጠቅጥቀው በጂፕሰም ቦርድ ይሸፈኑ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በጣውላዎቹ መሃል እየተሽሎከሎከ አይሂድ። የከሰል ምድጃና የእንጀራ ምጣድ ቦታቸው ከውሃው ጋር፣ ኮንክሪቱ ላይ ነው።

ለምስጥ ደግሞ ምድር ቤቱ ምንም እንጨት የሌለበት ወለል ይሁን፤ ድንጋዩ ከመሬት 50 ሴ.ሜ. ይውጣ፣ ግድግዳውን ዓመት ጠብቆ መፈተሽም አይቅር። ምስጥ የጭቃ ቱቦ ሠርቶ ነው የሚወጣው፤ ቱቦው ከውጭ እንዲታይ ዕቃ ግድግዳ ሥር አይከመር።

አዘዞ አካባቢ ዋልካ አፈር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ወለሉ ስለቀለለ መሠረቱን ማሳጠር ያምራቸዋል። እዚያ ተቃራኒው ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ ቀላል ቤትን ደግሞ ከከባዱ ይበልጥ ወደ ላይ ያነሳል። መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ወይም እርጥበቱ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ወርዶ መቀመጥ አለበት። ክብደት መቀነሱ የሚጠቅመው አለታማ በሆነው የከተማው ከፍታ ላይና በነባር ግድግዳ ላይ ፎቅ ለመጨመር ለሚያስብ ሰው ነው።

ፕላን ለማጽደቅ ስትሄዱ የእንጨት ሶሌታ አይቶ የሚደነግጥ ባለሙያ ሊያጋጥም ይችላል። የአገራችን የግንባታ ደንብ ግን ስለ እንጨት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ኢቢሲኤስ 5 (የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ 5ኛ ክፍል) ተብሎ የወጣ ነው። መሃንዲሱ ስሌቱን በሥራ ላይ ባለው ደንብ ሠርቶ፣ የእርጥበት ምዘናውንና የጀሪካን ፈተናውን ውጤት በጣውላ ቁጥር መዝግቦ ያያይዝ። ጣውላዎቹ ላይ ቁጥሩ በእርሳስ ሳይሆን በማይጠፋ ቀለም፣ ከላይኛው ጠርዝ ላይ ይጻፍ፤ መላጊያና ዝናብ እርሳስን አያስተርፉም።